ወንድ ልጄ መኪናውን ትቶ ቡና ማፍላት ይጫወታል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። የሰባት ዓመት ሴትና የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ጥያቄዬ ስለ ወንዱ ነው። ጨዋታው ሁሉ ቡና ማፍላት ሆኗል። ካርቶን ረከቦት አድርጎ፣ ቆርኪ እንደ ሲኒ ደርድሮ፣ ነጠላዬን ተከናንቦ «ኑ ቡና ጠጡ» ይለናል። የእህቱን አሻንጉሊት ያዝላል። የተገዛለትን መኪና ግን ዞር ብሎ አያየውም። በቀደም አባቱ በዚህ ተናዶ ገረፈው። አማቴ ደግሞ «ሴታ ሴት አደረግሽው፤ ስታቆላምጪው ‹አንቺ› እያልሽ ምን ይሁን!» ይሉኛል። እውነት ጥፋቱ የእኔ ነው? ሕክምናስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ጥፋት የለብዎትም። ከጻፉልኝ ተነሥቼ ስናገር በልጅዎም ላይ ሕክምና የሚያሻው ነገር አላየሁም። ከደብዳቤዎ እኔን ያሳሰበኝ ግርፋቱ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን የአራት ዓመት ልጅ ስለ ወንድነትና ሴትነት ምን ያህል እንደሚያውቅ ላስረዳዎት። ወላጆችን የሚያስጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ የልጅን ጨዋታ በአዋቂ ዓይን መመልከት ነውና።

ሕፃናት ወንድና ሴትን መለየት የሚጀምሩት ከምንገምተው ቀድመው ነው። ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሴትን ድምፅና ፊት ከወንድ ይለያሉ። ሁለት ዓመት አካባቢ የአካል ልዩነትን ያስተውላሉ። ሦስት ዓመት ሲሞላቸው አብዛኞቹ «ወንድ ነህ ወይስ ሴት?» ተብለው ሲጠየቁ በትክክል ይመልሳሉ። ሆኖም ይህ መልስ ለእነሱ ልክ እንደ ስማቸው የተለማመዱት መጠሪያ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባቸው ቀስ በቀስ ነው። ሎውረንስ ኮልበርግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1966 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ይህን ጉዞ በሦስት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጦታል። ልጁ መጀመሪያ ራሱን ወንድ ወይም ሴት ብሎ ይሰይማል። ቀጥሎ ወንድ ሕፃን አድጎ አባት እንጂ እናት እንደማይሆን ይረዳል። ቀሚስ ቢለብስ ወይም ፀጉሩን ቢያሳድግ ጾታው እንደማይቀየር በደንብ የሚገባው ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው።

ዛሬ ማታ ራስዎ ይሞክሩት። ልጁ ተጫውቶ ሲደክመውና ሲረጋጋ እያጫወቱት ይጠይቁት፦ «ሕፃን ሳለህ ወንድ ነበርክ ወይስ ሴት?» «ስታድግ እናት ትሆናለህ ወይስ አባት?» ሁለቱንም በትክክል ሊመልስልዎ ይችላል። ከዚያ «የእህትህን ቀሚስ ብትለብስስ?» ይበሉት። ጥቂት አሰብ አድርጎ «ሴት እሆናለኣ!» ቢልዎ አይደንግጡ። ከዕድሜው የሚጠበቅ መልስ ነው። በምርመራ ክፍሌ «ሳድግ እማዬን እሆናለሁ» የሚሉኝ የሦስት ዓመት ወንዶች ብዙ ናቸው፤ ከፍ ሲሉ ስጠይቃቸው በጥያቄው ይስቃሉ።

ሳንድራ ቤም የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ስለ ገዛ ልጇ የጻፈችው ገጠመኝ ይህን ከማንኛውም ትንታኔ በተሻለ ያሳያል። ወንድ ልጇ አንድ ቀን የፀጉር ማስያዣ አድርጎ መዋዕለ ሕፃናት ሄደ። አንድ ሌላ ልጅ «አንተ ሴት ነህ፤ የፀጉር ማስያዣ የሚያደርጉት ሴቶች ብቻ ናቸው» አለው። ልጇ ወንድ መሆኑን ለማስረዳት ሱሪውን ዝቅ አድርጎ አሳየው። ያኛው ግን አልተረታም፤ ያማ ለሁሉም ሰው አለው፣ ማስያዣ የሚያደርጉት ግን ሴቶች ብቻ ናቸው ብሎ ድርቅ አለ። በዚያ ዕድሜ ጾታ ማለት ልብስ፣ ፀጉርና ዕቃ ነው። ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ሲደርሱማ ልጆች ከእኛ ይልቅ ጥብቅ ዳኞች ይሆናሉ፤ «ሮዝ የሴት ነው»፣ «ወንድ አያለቅስም» እያሉ እርስ በርስ ይፈራረዳሉ። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ ነገሩ እየገባቸው ሲመጣ ደግሞ መላላት ይጀምራሉ። ልጅዎ ምናልባት በመጪው ዓመት ረከቦቱን በራሱ ጊዜ ትቶ «የሴት ነው!» ብሎ ሊከራከርዎት ይችላል። ባይተወውም ችግር የለውም።

አማትዎ ስለጠረጠሩት ቁልምጫ ልመልስ። አማርኛችን ለልጅ ጾታውን ከጠዋት እስከ ማታ ይነግረዋል። እሱ «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ» ሲባል እህቱ «ነይ»፣ «ብይ»፣ «ተኚ» እንደምትባል በየሰዓቱ ይሰማል። በ1982 የታተመ አንድ ጥናት ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛና ፊንላንድኛ የሚናገሩ ሕፃናትን አነጻጽሮ ነበር። እንደ እኛው ቋንቋ «አንተ» እና «አንቺ»ን በሚለየው በዕብራይስጥ ያደጉት ጾታቸውን ቀድመው ለይተው አወቁ፤ «እሱ» እና «እሷ»ን እንኳ በማይለየው በፊንላንድኛ ያደጉት ደግሞ ከሁሉም ዘገዩ። ቢዘገዩም ግን ደርሰውበታል። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ብሎ ማቆላመጥ በእኛ ዘንድ የኖረ የፍቅር አነጋገር ነው። ልጁ በእቅፍ ሲሆን የሚባለውንና ጥፋት ሠርቶ ሲጠራ የሚባለውን ለይቶ ያውቃል። በቁልምጫ ምክንያት ጾታው የተምታታበት ልጅ አጋጥሞኝ አያውቅም። ደስ ካልዎት ያቆላምጡት።

ታዲያ ለምን ቡናን መረጠ? በአንድ ቤት ውስጥ ለአራት ዓመት ልጅ ከቡና የሚበልጥ ምን ድምቀት አለ? ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሁሉም ዓይን ወደምትቀዳዋ ሴት ነው። ልጅ የሚጫወተው የሚያየውን ነው፤ የሚያየው ደግሞ እርስዎን ነው። አባቱ ማልዶ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ከሆነ፣ ልጁ የአባቱን ሥራ አይቶት አያውቅም ማለት ነው። ባላየው ሥራ ላይ ምን ጨዋታ ይመሥርት? እኛም በልጅነታችን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ወንዱም ሴቱም በጭቃ ወጥ ሠርተናል፣ በቅጠል እንጀራ ጋግረናል። በዚያ የካርቶን ረከቦት ዙሪያ ልጅዎ መቁጠር፣ ተራ መጠበቅ፣ እንግዳ መቀበል፣ ስሜትን በቃል መግለጥ እየተማረ ነው። አሻንጉሊት ማዘሉም ቢሆን የሚታዘልን ሕፃን ማሰብን ያስተምረዋል፤ ነገ አባት ለሚሆን ወንድ የሚጠላ ትምህርት አይደለም።

ይህን ስል ሁሉም ነገር ከአካባቢ የሚገኝ ነው ማለቴ አይደለም፤ ተፈጥሮም ድርሻ አላት። ፅንሱ ወንድነትን የሚወስነው ዋይ ክሮሞሶም ካለው ወደ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ የዘር ፍሬ መፈጠር ይጀምራል፤ ከዚያ የሚመነጨው ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን አካሉን የወንድ ያደርገዋል፤ በአእምሮም ላይ አሻራ ይተዋል። ይህን የተማርነው በከፊል ከታማሚዎቻችን ነው። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ በተፈጥሮ ጉድለት ምክንያት በማህፀን ሳሉ የወንድ ሆርሞን ያበዛባቸው ሴት ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች በአማካይ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ ወደ መኪናና ወደ ግንባታ መጫወቻ ያዘነብላሉ። አብዛኞቹ ግን ራሳቸውን ሴት ብለው ነው የሚያውቁት። እባክዎ ይህን ነጥብ ለባለቤትዎ ያንብቡላቸው፤ የሚወዱት መጫወቻ ሌላ ነው፣ «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ሌላ ነው።

አስተዳደግ ሁሉን ይወስናል ብለው ያመኑ ባለሙያዎች ያደረሱትን ጉዳትም ሁሉም ወላጅ ቢያውቀው እመኛለሁ። በ1965 በካናዳ ዊኒፔግ መንትያ ወንዶች ተወለዱ። አንደኛው፣ በኋላ ዴቪድ ራይመር በሚል ስም የታወቀው፣ በስምንት ወሩ ግርዛት ሲደረግለት ብልቱ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተቃጥሎ ከጥቅም ውጪ ሆነ። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን መኒ፣ ልጁ ሴት ተደርጎ ቢያድግ ሴት ይሆናል ብሎ ወላጆቹን አሳመነ። የዘር ፍሬው በቀዶ ጥገና ወጣ። የሴት ስም ወጣለት፣ ቀሚስ ለበሰ፣ ከፍ ሲል የሴት ሆርሞን ተሰጠው፣ ስለ ወንድነቱ አንድ ቃል ሳይነገረው አደገ። ለዓመታት ሙከራው እንደተሳካ ሲወራ ቆየ። ልጁ ግን በዚያ ማንነት አንድም ቀን አልተመቸውም። በ14 ዓመቱ አባቱ እውነቱን ሲነግረው ወዲያው ወንድ ሆኖ መኖር ጀመረ። በ1997 ሚልተን ዳይመንድና ኪት ሲግመንድሰን የተባሉ ተመራማሪና ሐኪም ታሪኩን ይፋ አወጡት። ዴቪድ በ2004፣ በ38 ዓመቱ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

የአንድ ሰው ታሪክ ብቻውን ሕግ አይሆንም። ነገር ግን ስም፣ ቀሚስ፣ ቀዶ ጥገና፣ ሆርሞንና የብዙ ዓመት ምስጢር ያን ልጅ ሴት ሊያደርጉት ካልቻሉ፣ ነጠላና ቆርኪ የእርስዎን ልጅ ያደርጉታል ብሎ መፍራት መሠረት የለውም።

ግርዛት ካነሣሁ አይቀር ሕፃን ላላቸው አንባቢዎች ሁሉ የምለው አለኝ። በአገራችን ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን መገረዙ የተለመደ ነው። ከመገረዙ በፊት ግን የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ቀዳዳው ከሥር በኩል ከተከፈተ ልጁ መገረዝ የለበትም፤ ሸለፈቱ ለማስተካከያው ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። የዘር ፍሬው እስከ ስድስት ወር ካልወረደም ለሐኪም ይታይ። ሲወለድ ወንድ ይሁን ሴት በግልጽ የማይለይ ሕፃን ደግሞ ሳይውል ሳያድር የሕፃናት ሐኪም ወዳለበት ሪፈራል ሆስፒታል መድረስ አለበት። ከላይ የጠቀስኩት የአድሬናል ዕጢ ችግር ጨውና ውኃን ከሰውነት አሟጥጦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊገድል ይችላል። ወንዶቹን ሕፃናት ደግሞ ምንም የሚታይ ምልክት ሳይሰጥ ያጠቃቸዋል፤ ስለዚህ በተወለደ በሁለትና በሦስት ሳምንቱ የሚያስታውክ፣ የማይጠባና የሚዝለፈለፍ ሕፃን እቤት አይደር። ስለ ጾታ ስናወራ በእውነት የሚያጣድፈው ይህ ነው። ብዙ ቤተሰብ ግን ኀፍረት ይዞት ይደብቀዋል።

ወደ ቤትዎ ልመለስ። ልጅ ገና ከመወለዱ እኛ ሚናውን ማደል እንጀምራለን። ለወንድ እልልታው ይረዝማል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰው ይህን ሳያውቀው ያደርገዋል። በ1978 በታተመ አንድ ሥራ እናቶች የማያውቁትን የስድስት ወር ሕፃን እንዲያጫውቱ ተሰጣቸው። ያው ሕፃን የወንድ ልብስና ስም ሲኖረው መዶሻ፣ የሴት ሲሆን አሻንጉሊት ወደ ማቀበል አዘነበሉ። በልጅ ጨዋታ ላይ ከእናቶች ይልቅ አባቶች ጥብቅ መሆናቸው፣ ይበልጡን ደግሞ በወንድ ልጆቻቸው ላይ መበርታታቸው በ1980 በተደረገ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ ባለቤትዎ በዓለም ላይ ብቸኛው አባት አይደሉም። ኳስ የምትጫወት ሴት ልጅ «ወንዳ ወንድ ናት» ተብላ በፈገግታ ትታለፋለች፤ ቡና የሚያፈላ ወንድ ልጅ ግን ዱላ ይቀምሳል። ይህ ልዩነት የሚነግረን ስለ ልጆቹ አይደለም፤ ስለ እኛ ነው።

ከወላጅ ቀጥሎ ኃይለኛ መምህር የዕድሜ እኩያ ነው። ኤሊኖር ማኮቢና ካሮል ጃክሊን በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ የአራት ዓመት ተኩል ልጆች ከተመሳሳይ ጾታ ጋር የሚጫወቱበት ጊዜ ከሌላው ጾታ ጋር ከሚጫወቱበት ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር፤ በስድስት ዓመት ተኩላቸው አሥራ አንድ እጥፍ ደረሰ። ማንም ሳያዝዛቸው ሴቶቹ ወደ ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ፣ ወንዶቹ ወደ ብይና ኳስ ይለያሉ። ልጅዎም ትምህርት ቤት ሲገባ ይህ ማዕበል ይጠብቀዋል። የወንዶችን ዓለም ለማስተማር ቤት ውስጥ መግረፍ አያስፈልግም።

የአማትዎ ስጋት ከጨዋታው አልፎ «ሲያድግ ወደማን ይሳባል?» የሚል እንደሆነ እረዳለሁ፤ ሰው በግልጽ አይናገረውም እንጂ ብዙ ወላጅ በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ያጣል። የማምነውን ልንገርዎት። መጫወቻ የልጅን የወደፊት ዝንባሌ አይፈጥርም። መንጠቅም አይቀይረውም። በአራት ዓመት ልጅ ጨዋታ ላይ ተመሥርቶ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ምን እንደሚሆን የሚተነብይ ሐኪም የለም፤ እችላለሁ የሚል ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን አይስጡት።

ራሱን በጽኑ «እኔ ወንድ አይደለሁም» የሚል፣ በአካሉ የሚጨነቅ ልጅ ግን ያጋጥማል፤ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መለያ ይህን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። በልጆች ላይ እንዲህ ለማለትም ሁኔታው ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ሳይቋረጥ መዝለቅ እንዳለበት፣ የጨዋታ ወይም የልብስ ምርጫ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ልጅዎ ቡና እያፈላ «እኔ ወንድ ነኝ» የሚል ከሆነ ከዚህ ምድብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ጭንቀቱ ያለበት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን እያነበበ ከሆነ ደግሞ፣ አይግረፉት፣ አያሳፍሩት፣ ለጎረቤት አይንገሩበት። የልጆች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ልጁን በማስፈራራት «እናስተካክለዋለን» የሚሉትን ይራቁ። እንዲህ ያለ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ቤቱ ውስጥ የሚያምነው ሰው ነው።

ስለ ሴቷ ልጅዎ ምንም አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን አስቤያታለሁ። ሰባት ዓመቷ ነው። በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጆች «እጅግ ጎበዝ» የሚባል ሰው ታሪክ ተነግሯቸው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ እንደ ወንዶቹ ሁሉ የራሳቸውን ጾታ እንደሚመርጡ አሳይቷል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲደርሱ ግን ይህ ይቀንሳል፤ «በጣም ጎበዝ ለሆኑ ልጆች ብቻ» ከተባለ ጨዋታም መሸሽ ይጀምራሉ። ልጅዎ አሁን በዚያ ዕድሜ ላይ ናት። ማታ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሳህን ካጠበች በኋላ ይሆን? ወንድሟ ስለ ቡናው ሲገረፍ እሷ ቆማ እያየች ነበር? ያየችው ከሆነ፣ የእናቷ ሥራ ወንድ ልጅ ቢነካው የሚያስደበድብ የተናቀ ነገር መሆኑን በዚያች ቅጽበት ተምራለች። እሷንም ለብቻዋ ቁጭ አድርገው ያነጋግሯት።

አሁን ወደ ግርፋቱ። በዱላ የመጣ ለውጥ ልጁ መደበቅን መማሩ ብቻ ነው። ነገ ቡናውን ከአልጋ ሥር ያፈላል፤ ከነገ ወዲያ ሌላም ነገር ይደብቃችኋል፤ ምናልባት ሰው የነካውንና የጎዳውን ቀን ጭምር። ባለቤትዎን በአማትዎ ፊት አይውቀሷቸው፤ ለብቻቸው ሲሆኑ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ይህን ጽሑፍ አብራችሁ አንብቡት። ከዚያ አንድ ነገር ይለምኗቸው፦ በሚቀጥለው እሑድ ልጁ «ቡና ጠጣ» ሲላቸው ቆርኪዋን ተቀብለው ይጠጡለት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ይቆዩለት። ሲጨርሱ «አሁን ደግሞ አንተ ከእኔ ጋር ና» ብለው ይዘውት ይውጡ፤ ሚስማር ሲመቱ መዶሻውን ያቀብላቸው፣ ገበያ ሲሄዱ ዘንቢሉን ይያዝ። ልጁ የአባቱን ዓለም ካላየው አይወደውም። ነጠላውንና አሻንጉሊቱን ይመልሱለት፤ መኪናውም ባለበት ይቀመጥ፤ ሲፈልገው ያነሣዋል። አማትዎን በተመለከተ ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ «ሐኪም ጠይቄያለሁ፣ ጤነኛ ነው ብሎኛል» ማለት ይበቃል። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ መምህሯ ወይም ልጆቹ «ሴታ ሴት» እያሉ የሚጠሩት ከሆነ ግን በፍጥነት ሄደው ያነጋግሩ፤ በዚህ ዕድሜ የተለጠፈ ስም ቶሎ አይላቀቅም።

ከግርፋቱ ወዲህ ሌሊት የሚባንን፣ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና የጀመረ፣ አባቱ ሲገባ የሚሸሸግ፣ ወይም ጨዋታ ሁሉ ያስጠላው ከሆነ ሳይቆዩ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። በዚያ ቀን አባቱ አብረውት ቢመጡ ይመረጣል።